ወርቅ ያለ ሰም፦ ሎሬታ ሊን

ከናሽቪል ተነስቶ በኢንተርስቴት 40 ወደ ሜምፊስ የሚነዳ ሰው አንድ ሰዓት ያህል እንደተጓዘ መውጫ 143 ላይ ይደርሳል። እኔም ጭነት ይዤ በዚህ መንገድ መመላለስ ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ ወደ ሎሬታ ሊን ርስት የሚያመለክተውን ሰሌዳ ግን ለረጅም ጊዜ እንደ ማንኛውም የሞቴል ማስታወቂያ እያየሁት አልፌዋለሁ። ከአዲስ አበባ ይዤው የመጣሁት የካንትሪ ሙዚቃ ዕውቀት ከኬኒ ሮጀርስ፣ ከዶሊ ፓርተንና ከጂም ሪቭስ ካሴቶች የማያልፍ ስለነበር፣ ሎሬታ ሊን የምትባለውን ሴት የአንድ ትልቅ ምግብ ቤት ባለቤት አድርጌ ገምቻት ነበር።

ስሕተቴን ያረመልኝ ሬዲዮ ነው። ኦክቶበር 4 ቀን 2022 በዘጠና ዓመቷ ስታርፍ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የቴነሲ የካንትሪ ጣቢያዎች የእሷን ዘፈን ሲያጫውቱ ዋሉ። ያን ዕለት ከጃክሰን ባዶ መኪና ይዤ ስመለስ የሰማሁት የመጀመሪያው ዘፈን አንዲት ሚስት ባሏን ጠጥተህ ለፍቅር ወደ እኔ እንዳትመጣ የምትልበት ነበር። ሁለተኛው፣ ባሌን የምትከጅል ሴት ቡጢዬን ትቀምሳለች የሚል ማስጠንቀቂያ ነበር። ሦስተኛው ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ሆኖ ሳገኘው ድምፁን ከፍ አደረግሁት። በሰምና ወርቅ ለተገራ ጆሮ እንዲህ ያለው አዘፋፈን መጀመሪያ ላይ ያስደነግጣል። የእኛ አዝማሪ የሚያቆስል ነገር ሊናገር ሲሻ ሰም ያለብሰዋል፤ ሰሚው ሰሙን አቅልጦ ወርቁን ያወጣል፣ የተነካው ሰውም እንዳልገባው ሆኖ አብሮ ይስቃል። ይህች ሴት ግን ወርቁን ያለ ሰም አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጠዋለች፤ የተነካው ሰው የሚሸሸግበት ጥግ አትተውለትም።

ከዚያ ወዲህ ስለ እሷ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብና ሳዳምጥ ቆይቻለሁ። በዕድሜዋ አንቱ ልላት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ዘፈኖቿ እንደ ጎረቤት ሴት በአጥር ላይ ሆነው የሚያወሩ ስለሆኑ አንቱታው አፌ ላይ አልቀመጥ ብሎኛል። አንባቢዎቼ ይቅር ይበሉኝ።

ሎሬታ ዌብ ኤፕሪል 14 ቀን 1932 በምሥራቅ ኬንታኪ፣ በጆንሰን ካውንቲ፣ ቫን ሊር ከተባለችው የከሰል ማዕድን ከተማ አጠገብ ቡቸር ሆሎው በተባለ ጠባብ ሸለቆ ተወለደች። ለስምንት ልጆች ሁለተኛዋ ነበረች። አባቷ ቴድ ዌብ ሌሊት ከሰል እየቆፈረ ቀን ደግሞ ከተራራው ጥግ በምትገኝ መሬት በቆሎ እያረሰ ቤተሰቡን ያስተዳድር ነበር። እናቷ ክላራ የእንጨቱን ቤት ግድግዳ ብርድ እንዳያስገባ በጋዜጣና በመጽሔት ገጾች ለጥፋው ነበር፤ ሎሬታ የሚለውንም ስም ያወጣችላት ከግድግዳው ላይ ፎቶግራፏን ስታይ ከነበረችው የፊልም ተዋናይት ከሎሬታ ያንግ ነው። ይህን ሳነብ ቆም አልኩ። ከጭቃ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አዲስ ዘመን ጋዜጣ ፊደል እየለቀመ ያደገ ሰው ቡቸር ሆሎውን ለመረዳት የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።

አባቷ ልጅ ሳለች በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ገዝቶ ነበርና፣ ቅዳሜ ማታ ከናሽቪል የሚተላለፈውን የግራንድ ኦል ኦፕሪን ዝግጅት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያዳምጥ ነበር። ለተራራው ሕዝብ ኦፕሪ ማለት የሙዚቃው ዓለም ዙፋን ነበር። ዘፋኝ የሚባለው እዚያ መድረክ ላይ የቆመ ሰው ነው። ልጅቷ ግን በዚያን ጊዜ የምትዘፍነው ታናናሾቿን ለማስተኛት ብቻ ነበር።

ከኦሊቨር ሊን ጋር የተገናኘችው በትምህርት ቤት ውስጥ ልጃገረዶች የጋገሩትን ኬክ በጨረታ በሚሸጡበት ዝግጅት ላይ ነው። ዱሊትል በሚለው ቅጽል ስሙ የሚታወቀው ይህ ሰው ከውትድርና የተመለሰ ወጣት ነበር፤ በድብቅ የሚወጣ አረቄ ይነግድ ስለነበር ሙኒ የሚል ሌላ ቅጽል ስምም ወጥቶለታል። የእሷን ኬክ በአምስት ዶላር አሸንፎ ወሰደው። ስኳር የጨመረች መስሏት ጨው ጨምራበት ኖሯል። ከአንድ ወር በኋላ፣ ጃኑዋሪ 10 ቀን 1948 ተጋቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ ነፍሰ ጡር ሆና ሳለ ከዘመድ ሁሉ ርቀው አገሩን ከዳር እስከ ዳር አቋርጠው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከካናዳ ድንበር አጠገብ ወዳለችው ከስተር ወደምትባል የገጠር ቀበሌ ተሻገሩ። እዚያ የሰው ልብስ አጠበች፣ ለእርሻ ሠራተኞች ምግብ ሠራች፣ እንጆሪ ለቀመች። ሃያ ዓመት ሲሞላት የአራት ልጆች እናት ነበረች።

ጊታሩን የገዛላት ባሏ ነው። 1953 ነበር፤ ዋጋው አሥራ ሰባት ዶላር። ለልጆቿ ስታንጎራጉር ሰምቶ፣ አንቺ ሬዲዮ ላይ ከሚዘፍኑት ትሻያለሽ ብሎ ያመነው እሱ ነው፤ ዓይን አፋርነቷ ሲያስቸግራት እየገፋ መድረክ ላይ ያወጣትም እሱ ነው። ይህ ሰው ጠጪ ነበር፣ ሌሎች ሴቶችም ነበሩት፣ እጁንም ያነሳባት ነበር። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ መያዝ ያስቸግረኛል፤ እሷ ግን እስከ መጨረሻው አንዱን ለሌላው ስትል አልደበቀችም። ያለ እሱ ዘፋኝ አልሆንም ነበር ትላለች፤ የዘፈነችውም በአብዛኛው እሱ ያደረሰባትን ነው። ስለ ድብደባውም ስትጠየቅ፣ አንድ ሲመታኝ ሁለት መልሼለታለሁ የሚል ይዘት ያለው መልስ ትሰጥ ነበር። ሰው በዚህ መልስ ይስቅ እንደነበር በቃለ መጠይቆቿ ላይ ይሰማል። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

በታኮማ ከተማ የካንትሪ ዘፋኙ ባክ ኦውንስ ያዘጋጀው በነበረው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ስትዘፍን አንድ የካናዳ የእንጨት ነጋዴ ተመልክቷት ኖሮ፣ ዜሮ ሬከርድስ በተባለ ትንሽ ኩባንያ በኩል የመጀመሪያ ሸክላዋን እንድታስቀዳ ገንዘብ አወጣላት። «አም ኤ ሆንኪ ቶንክ ገርል» የተባለውን ዘፈን 1960 በሎስ አንጀለስ ቀዳችው። ባልና ሚስቱ ሸክላዎቹን በፖስታ ከላኩ በኋላ በመኪና ከጣቢያ ጣቢያ እየዞሩ፣ መኪናው ውስጥ እያደሩ፣ የሬዲዮ ሠራተኞችን እያንኳኩ ዘፈኑ እንዲጫወትላቸው ለመኑ። ዘፈኑ የዘፈኖችን ተወዳጅነት በደረጃ በሚያወጣው በቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ 14ኛ ደረጃ ደረሰ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 15 ቀን ሬዲዮው ላይ ስታዳምጠው ባደገችው መድረክ ላይ ቆመች። ከሰል ቆፋሪው አባቷ ግን ይህን አላየም፤ 1959 በሃምሳ ሁለት ዓመቱ ሞቶ ነበር።

ናሽቪል ከደረሰች በኋላ ያገኘቻት ትልቋ ሰው ዘፋኟ ፓትሲ ክላይን ናት። 1961 ክላይን በመኪና አደጋ ቆስላ ሆስፒታል ሳለች፣ ሎሬታ በሌሊት የሬዲዮ ዝግጅት ላይ የክላይንን ዘፈን ዘፍና መታሰቢያነቱን ለእሷ አደረገች፤ ክላይንም ይህችን ልጅ አምጡልኝ ብላ አስጠራቻት። አለባበስን፣ መድረክ ላይ መቆምን፣ ከአዘጋጆች ጋር በገንዘብ መከራከርን ያስተማረቻት ክላይን ናት። ወዳጅነታቸው ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ማርች 5 ቀን 1963 ክላይን በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። በቀጣዩ ዓመት ሎሬታ መንታ ሴቶች ስትወልድ አንዷን ፓትሲ አለቻት።

አሁን ወደ ዘፈኖቹ ልምጣ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም በእነሱ ምክንያት ነው። ከሎሬታ በፊት በካንትሪ ሙዚቃ አንደበቷን ያሰማች ሴት አልነበረችም ማለት ስሕተት ይሆናል። 1952 ኪቲ ዌልስ፣ ሴቶችን መጠጥ ቤት ያስገባቸው የወንዶች ክህደት ነው የሚል ይዘት ያለው ዘፈን አውጥታ አንዳንድ የሬዲዮ አውታሮች ከልክለውት ነበር፤ ዘፈኑ ግን በሰንጠረዡ አንደኛ ወጣ። ኪቲ ዌልስ ያዘነች ሴት ናት። ሎሬታ ግን አታዝንም፣ ትቆጣለች። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የተከዳችው ሚስት ጥግ ይዛ ከማልቀስ ይልቅ በሩ ላይ ቆማ ስትጠብቅ የምናያት በእሷ ዘፈን ውስጥ ነው።

1966 ስላወጣችው «ዩ ኤይንት ዉማን ኢናፍ» ደጋግማ የተረከችው ታሪክ አለ። ዝግጅቷ ከመጀመሩ በፊት አንዲት ሴት ከመድረክ ኋላ መጥታ፣ ባሏ ሌላ ሴት ይዞ አዳራሹ ውስጥ መቀመጡን እያለቀሰች ነገረቻት። ሎሬታ በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቃ ሴቲቱን አየቻት፤ ተኳኩላ ፊት ለፊት ተቀምጣለች። ወደ ባለታሪኳ ዞር ብላ፣ እሷ ያንቺን ባል የምትወስድ ሴት አይደለችም የሚል ነገር ተናገረች፤ ከዚያ ወደ መልበሻ ክፍሏ ገብታ ዘፈኑን ጻፈችው። በካንትሪ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ወጣ። ቀጥሎ የመጣው ስለ ሰካራሙ ባል የሚናገረው ዘፈን በ1967 መጀመሪያ አንደኛ በመውጣት የመጀመሪያዋ ሆነ፤ በጠቅላላው አሥራ ስድስት ጊዜ አንደኛ ወጥታለች። በሚቀጥለው ዓመት «ፊስት ሲቲ» መጣ። ይህኛው ደግሞ እሷ መንገድ ላይ ስትሆን ባሏን ስታባብል ለነበረች የሰፈሯ ሴት የተላከ ግልጽ መልእክት ነው፤ ሴቲቱም ሰምታዋለች ማለት ነው፣ ምክንያቱም አገሩ ሁሉ ሰምቶታል።

የትዳርን ገመና አደባባይ ማውጣት ነውር በሆነበት ባህል ያደግን ሰዎች ይህን እንዴት እንቀበለዋለን? እኔ ራሴን ጠይቄ የደረስኩበት ነገር ቢኖር፣ ሎሬታ አደባባይ ያወጣችው ገመና የእሷ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቲኬት ገዝተው አዳራሹን የሚሞሉት ሴቶች፣ ዝግጅቱ ሲያልቅ ከመድረክ ኋላ የሚሰለፉት ሴቶች የየራሳቸውን ቤት ይዘው ነበር የሚመጡት። ወንዶቹን ሳይሆን እነሱን እያየች ትዘፍን እንደነበር ራሷ ተናግራለች።

«ዘ ፒል» ግን ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን በአሜሪካ የተፈቀደው 1960 ነው። ባለትዳሮች መከላከያውን የመጠቀም መብታቸውን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ያረጋገጠው ግን 1965፣ ላላገቡት ደግሞ 1972 ነው። ዘፈኑን ሎሬታ ራሷ አልጻፈችውም፤ ሌሎች ሦስት ሰዎች የጻፉላት ነው። ባሏ ሲዝናና እሷ በየዓመቱ እያረገዘች ቤት የተቀመጠች ሚስት፣ ከእንግዲህ ኪኒኑ በእጄ ስለገባ ሒሳባችን እኩል ነው ብላ የምታውጅበት ዘፈን ነው። ምሳሌዎቹን የሚያወጣው ከዶሮ እርባታ ነው፤ ሰም ሊባል የሚችል ነገር በእሷ ዘፈኖች ውስጥ ካለ ይኸው የዶሮ ቤት ብቻ ይመስለኛል፣ እሱም ቢሆን ማንንም አላታለለም። 1972 የተቀዳው ዘፈን እስከ 1975 መጀመሪያ ድረስ ሳይወጣ ቆየ። በወጣ ጊዜ በርካታ የሬዲዮ ጣቢያዎች አናጫውትም አሉ፤ ሰባኪዎችም ከመድረካቸው አወገዙት። ይህን ያደረጉት ጣቢያዎች ወንዶቹ ስለ ስካር፣ ስለ ዝሙት፣ አልፎ ተርፎም ሴት ስለ መግደል የዘፈኗቸውን ዘፈኖች ቀኑን ሙሉ የሚያጫውቱ ነበሩ።

እገዳው ግን ዘፈኑን አልቀበረውም። በካንትሪ ሰንጠረዥ አምስተኛ ወጣ፤ ሁሉም ዓይነት ሙዚቃ በሚወዳደርበት በዋናው የቢልቦርድ ሰንጠረዥም 70ኛ ደረጃ በመድረስ ብቻዋን ከዘፈነቻቸው ሁሉ ከፍተኛውን ቦታ ያዘ። ለእኔ ከሰንጠረዡ ይልቅ የገረመኝ ሎሬታ በኋላ የተናገረችው ነው፤ የገጠር ሐኪሞች ወደ እሷ እየመጡ፣ እኛ ስናስረዳ ከኖርነው ይልቅ ዘፈንሽ ለገጠር ሴቶች ስለ ኪኒኑ የበለጠ አሳውቋል ይሏት ነበር። የስድስት ልጆች እናት የነበረችው ሎሬታ ልጆቿን እንደምትወድ፣ ነገር ግን ገና ልጅ ሆና እየተከታተለች ስትወልድ ይህ ኪኒን ኖሮ ቢሆን ትውጠው እንደነበር በግልጽ ትናገር ነበር። ጤና ጣቢያ ውስጥ በግድግዳ የሚለጠፍ ፖስተር ስንት ዓመት የማይሠራውን ሥራ አንድ የሦስት ደቂቃ ዘፈን እንደሚሠራው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየሁም።

ከዚህ ተነስቶ የሴቶች መብት ታጋይ የሚል ማዕረግ ሊሰጧት የመጡ ብዙዎች ነበሩ። አልተቀበለቻቸውም። የሰልፍና የመፈክር ሰው አይደለሁም፣ የምዘፍነው የኖርኩትን ነው ስትል ኖረች። በፖለቲካም ቢሆን ማንም በኪሱ ሊያስገባት አልቻለም። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ባሏ ለዘመተባት ሴት «ዲር አንክል ሳም» የተባለ ዘፈን ሠራች፤ 1972 በካንትሪ ሙዚቃ ማኅበር ሽልማት ላይ ለጥቁሩ ዘፋኝ ለቻርሊ ፕራይድ ሽልማት እንድትሰጥ ስትመረጥ፣ እንዳትነካው ተብላ ተመክራ እንደነበር ተናግራለች፤ እሷ ግን መድረክ ላይ አቅፋ ሳመችው። በዚያው ምሽት የዓመቱ ምርጥ አዝናኝ የሚለውን ትልቁን ሽልማት በመውሰድ የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ይህችው ሴት 1988 ለትልቁ ጆርጅ ቡሽ ቀሰቀሰች፤ 2013 ከባራክ ኦባማ የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳልያ ተሸለመች፤ 2016 ዶናልድ ትራምፕን ደገፈች። ይህን ለወዳጆቼ ስነግራቸው ግማሾቹ በአንዱ፣ ግማሾቹ በሌላው ይበሳጫሉ። ሰው አንዴ የወደደውን ዘፋኝ በሁሉም ነገር ከራሱ ጋር እንዲስማማ የሚፈልገው ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

እንዲህ ሁሉን የምትናገር ሴት ያልተናገረችው ነገር ነበራት። ለአሥርት ዓመታት የተዳርኩት በአሥራ ሦስት ዓመቴ ነው ስትል ኖራለች፤ በመጽሐፏም በፊልሙም የገባው ይኸው ነው። 2012 ግን አሶሺየትድ ፕሬስ የተባለው የዜና ወኪል የልደት ሰርተፊኬቷንና የጋብቻ ፈቃዷን ከመዝገብ ቤት አውጥቶ፣ በተዳረች ጊዜ ዕድሜዋ አሥራ አምስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ገደማ እንደነበር አሳየ። ቃል አቀባይዋ ያስተላለፈችው መልስ፣ ስለ ዕድሜዬ የሚጠይቅ ካለ አያገባህም በሉት የሚል መንፈስ ያለው ነበር። አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ሁሉንም ታሪኳን ተጠራጠሩ። እኔ እንደማስበው ስትጀምር ዕድሜ የቀነሰችው እንደ ብዙ ዘፋኞች ለገበያው ብላ ነው፤ ቁጥሩ አንዴ ከተናገሩት በኋላ ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር ለመመለስ ይከብዳል። አሥራ አምስትስ ቢሆን ልጅ አይደለም እንዴ?

ሁለተኛው ዝምታ የበለጠ ያሳዝነኛል። ሥራ ስትጀምር የረዷት የዊልበርን ወንድማማቾች የዘፈን አሳታሚ ድርጅት ነበራቸውና፣ የምትጽፋቸው ዘፈኖች ሁሉ በእነሱ በኩል እንዲታተሙ የሚያደርግ የዕድሜ ልክ ውል ፈርማላቸው ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተለያይተው ጉዳዩ ለብዙ ዓመታት በፍርድ ቤት ሲጓተት፣ የምጽፈው ለእነሱ ከሆነ ምን አደክመኝ ብላ መጻፉን እየተወችው መጣች። ሬዲዮ ጣቢያዎችና ሰባኪዎች ሊያዘጓት ያልቻሉትን አፍ አንድ ገጽ ወረቀት ዘጋው። የዚያ ዘመን ታላላቅ ዘፈኖቿ ሌሎች የጻፉላት መሆናቸውን ስናይ ለምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

ከዚያ ሙግት በፊት ራሷ ከጻፈቻቸው ሥራዎቿ መካከል አንድ ብቻ ምረጥ ብባል «ኮል ማይነርስ ዶተርን» እመርጣለሁ፤ የከሰል ቆፋሪው ልጅ ማለት ነው። 1969 በአዘጋጇ በኦወን ብራድሊ ስቱዲዮ ተቀድቶ በሚቀጥለው ዓመት ወጣ፣ አንደኛም ሆነ። እዚህ ቁጣ የለም። አባት ሌሊቱን ከሰል ቆፍሮ ሲመጣ፣ እናት በልብስ ማጠቢያ ሰሌዳ ላይ ጣቷ እስኪደማ ስታጥብ፣ በላምባ መብራት መጽሐፍ ቅዱስ ሲነበብ፣ በክረምት ጫማ ሲገዛና በጋ ላይ በባዶ እግር ሲኬድ ትዘረዝራለች እንጂ እንዲህ ነበር ማለት ምን ማለት እንደሆነ አታስረዳም። ዘፈኑ ስትጽፈው ከዚህ በጣም ይረዝም ነበር። ብራድሊ ረዝሟል፣ ቁረጪ አላት፤ ቆረጠች፤ የተቆረጡት ስንኞችም ሳይቀመጡ ጠፉ። ከዘፈኑ ስም የተወሰደው የሕይወት ታሪኳ 1976 ታተመ፤ ፊልሙ 1980 ወጥቶ እሷ ራሷ የመረጠቻት ሲሲ ስፔሴክ በምርጥ ተዋናይትነት ኦስካር አገኘችበት። ዛሬ ብዙ ሰው ሎሬታን የሚያውቃት በፊልሙ በኩል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ኀዘን የበዛበት ነው። 1984 ልጇ ጃክ ቤኒ በርስቷ ውስጥ ፈረስ ላይ ሆኖ ወንዝ ሲሻገር ሰጠመ። ባሏ 1996 ሞተ፤ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ሥራዋን ትታ አስታመመችው። ናሽቪልም ለወጣቶቹ ፊቷን አዙራ የእሷ ዓይነት ድምፅ ከሬዲዮ ጠፍቶ ነበር። ያኔ ከዲትሮይት የመጣ ጃክ ዋይት የተባለ የሮክ ሙዚቀኛ አብረን እንሥራ አላት፤ 2004 በወጣው «ቫን ሊር ሮዝ» በተባለው አልበም ላይ ያሉትን ዘፈኖች ማለት ይቻላል በሙሉ የጻፈቻቸው እሷ ናት። ሰባ ሁለት ዓመቷ ነበር። ሁለት የግራሚ ሽልማቶችን አገኘ። ሰዎች ያወደሱት የጃክ ዋይትን የጊታር ድምፅ ነበር፤ እኔን የነካኝ ግን ብዕሯን እንደገና ማንሳቷ ነው።

ባለፈው በልግ ጭነት የሌለኝን አንድ ቅዳሜ መርጬ በመውጫ 143 ወጣሁ። ሃሪኬን ሚልስ 1966 ቤተሰቡ የገዛት ትንሽ መንደር ናት፤ ትልቁ ነጭ ቤት፣ ወፍጮው፣ ሙዚየሙ፣ የቡቸር ሆሎው ቤት አምሳያ፣ ጎብኚው የሚገባበት የከሰል ጉድጓድ አምሳያ ሁሉም እዚያው ነው። ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ የአማተር ሞተር ብስክሌተኞች ትልቅ ውድድር ይካሄድበታል፤ ሎሬታ ሊን ማለት የሞተር ውድድር የሚመስለው ወጣትም እንዳለ የተረዳሁት እዚያ ነው፣ በእኔ የምግብ ቤት ግምት ብቻዬን አለመሆኔ አጽናናኝ። ከባሏ ጎን የተቀበረችውም በዚሁ ርስት ውስጥ ነው። ሰው ሠራሹ የከሰል ጉድጓድ ውስጥ ስገባ ቀዝቃዛ ነበር፤ ከእኔ በፊት የገቡ ባልና ሚስት ለልጃቸው መቆፈሪያውን ያሳዩት ነበር።

ወደ ናሽቪል ስመለስ መኪናው ውስጥ የከፈትኩት 2021 በሰማንያ ስምንት ዓመቷ ያወጣችውን አምሳኛ አልበሟን ነበር። ስትሮክ ከመታትና ዳሌዋ ከተሰበረ በኋላ የወጣ ነው። ከዘፈኖቹ መካከል በአንዱ ላይ «ኮል ማይነርስ ዶተርን» አትዘፍነውም፤ እንደ ግጥም ታነበዋለች። ዜማው ሲነሣለት ቃሉ ብቻውን ቀርቶ የአንዲት አሮጊት ድምፅ የልጅነት ቤቷን ዕቃ አንድ በአንድ ስትቆጥር ይሰማል። ምናልባት ብራድሊ ያስቆረጣት ስንኞች ከመካከል ይመጡ ይሆን ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌ ሁለት ጊዜ ሰማሁት። የምናውቃቸው ስንኞች ብቻ ነበሩ።